ቡቺን ብቻ ብናጥብ ቁንጫው ለምን ይመለሳል?

ጦር ኃይሎች፣ ቀላል ባቡሩ ከሚያበቃበት ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው የምኖረው። ግቢው አንድ ውሻና አንዲት ድመት አለው። ውሻው ቡቺ ይባላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቡቺ የማይባል ውሻ ማግኘት መቼም ከባድ ነው። ድመቷ ሚጡ ናት። የማን እንደሆኑ በትክክል የሚያውቅ የለም። ሁሉም ትርፍራፊ ይሰጣቸዋል፤ ሲታመሙ ግን ሁሉም "የናንተ አይደሉ እንዴ?" ይባባላል።

ባለፈው ክረምት ቡቺ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ማደር ጀመረ። እግሩ የቆርቆሮውን በር እየመታ እንቅልፍ ነሳን። አከራያችን እማማ ጨርቅ ላምባ ነክረው ሰውነቱን አሹት። "እኛ ድሮም በዚህ ነው የምናጠፋው" አሉ። እውነትም ቁንጫው ረገፈ። በአሥር ቀኑ ተመልሶ መጣ። ደግመው አሹት፤ ደግሞ መጣ። በሦስተኛው የቡቺ ሆድ ቆዳ ቀልቶ መላላጥ ጀመረ። ይህን ያደረገው ቁንጫው ሳይሆን ላምባው ነው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርቴ ሜካኒካል ምህንድስና ነው። ግን አንድ ማሽን ሦስቴ ተጠግኖ ሦስቴ በዚያው ብልሽት ከተመለሰ፣ እኛ ጋ የሚነሳው ጥያቄ "የምንጠግነው ትክክለኛውን ቦታ ነው ወይ?" የሚል ነው። ከዚህ ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ፣ የእንስሳት ሐኪሞችንም አስቸገርኩ። የምነግራችሁ ያገኘሁትን ነው። በመሃሉ እኔው ራሴ ያጠፋሁት ጥፋትም አለ፤ እሱን አልደብቃችሁም።

መጀመሪያ ስለ ቁንጫዋ። ውሻና ድመት ላይ የምትወጣ ቁንጫ ከአንድ ዓይነት በላይ ብትሆንም፣ በዓለም ላይ በብዛት የምትታየው በተለምዶ "የድመት ቁንጫ" የምትባለው ናት። ስሟ እንዳያታልላችሁ፤ ውሻም ላይ የምትበዛው እሷው ናት። በርሲሳ ኩምሳና ሰርካለም መኮንን የተባሉ ተመራማሪዎች የሐዋሳን ውሾችና ድመቶች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለቱም ላይ በብዛት የተገኘችው ይህችው ቁንጫ ነበረች። ስለዚህ "ቁንጫ ያለበት ውሻው ነው፣ ድመቷ ንጹሕ ናት" የሚባለው ብዙም አያስኬድም። ድመት ራሷን ስትልስ ቁንጫዎቿን እየለቀመች ትውጣቸዋለች፤ ንጹሕ የምትመስለው ለዚህ ነው።

አሁን ትንሽ እናስላ። አንዲት ሴት ቁንጫ ደም እየጠጣች በቀን እስከ 40 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች። ቡቺ ላይ 5 ሴት ቁንጫ ብቻ አሉ እንበል። 5 ሲባዛ በ40፣ እሱ ሲባዛ በ30 ቀን፣ በአንድ ወር 6,000 እንቁላል ነው። ሁሉም አይፈለፈልም፤ የተፈለፈለውም ሁሉ አያድግም። ግን ቁጥሩን ትታችሁ "የት ነው ያለው?" ብላችሁ ጠይቁ። እንቁላሉ ጸጉር ላይ አይጣበቅም። ቡቺ ሰውነቱን ባራገፈ ቁጥር እንደ ጨው ይበተናል፦ በሚተኛበት ማዳበሪያ ላይ፣ በበረንዳው ስንጥቅ ውስጥ፣ በሶፋው ሥር። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ግምት አለ፤ አንድ ቤት ካለው የቁንጫ ብዛት ውስጥ አድጎ እንስሳው ላይ የሚገኘው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 95 በመቶው እንቁላል፣ እጭና ፑፓ ሆኖ ወለል ላይ ነው።

ሮቶው እያፈሰሰ ወለሉን ብትወለውሉ ወለሉ ለአፍታ ይደርቃል። እማማ በላምባ ያጠፉት 5 በመቶውን ነበር።

ወለሉ ላይ ያሉት ምን በልተው ያድጋሉ? እዚህ ላይ ነው የተፈጥሮ ነገር የሚገርመው። ትልቋ ቁንጫ ከምትፈልገው በላይ ደም ትጠጣና የተረፈውን በጀርባ በኩል ታስወጣዋለች። ያ ደም ደርቆ፣ ጥቁር ብናኝ ሆኖ፣ እንቁላሉ በወደቀበት ይወድቃል። እጮቹ ሲፈለፈሉ ምሳቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው። ይህ ለእኛም ይጠቅመናል። የቅማል ማበጠሪያ ውሰዱና የውሻችሁን ጀርባ፣ በተለይ ጅራቱ አካባቢ ያለውን አበጥሩ። የወጣውን ጥቁር ብናኝ በውኃ በራሰ ሶፍት ላይ አራግፉት። አፈር ከሆነ ቡናማ እንደሆነ ይቀራል። ዙሪያውን ቀይ እያደረገ ከፈሰሰ ደም ነው፤ ቁንጫዋን ባታዩአትም አለች። ሚጡ ላይ ሞክሬው ሶፍቱ ቀላ፤ "ንጹሕ ናት" ስንል የነበረችዋ ሚጡ።

እጩ ካደገ በኋላ ሐር የመሰለ ክር አድርቶ በውስጡ ይሸሸጋል። ይህ ደረጃ ፑፓ ይባላል። ክሩ ስለሚያጣብቅ አቧራና አሸዋ ይለብስና ከወለሉ አይለይም። የምትረጩት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አያገኘውም። የባሰው ደግሞ፣ ውስጥ ያለችው ቁንጫ አድጋ ጨርሳም ቶሎ አትወጣም፤ ሳምንታትን፣ አመቺ ሲሆንላትም ወራትን ትጠብቃለች። የምትጠብቀው ምልክት ነው፦ የእግር ንዝረት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ከእስትንፋስ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ለበዓል ገጠር ሄዳችሁ፣ ቤቱ ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ከርሞ፣ ስትመለሱ በመጀመሪያው ምሽት እግራችሁን የቁንጫ መንጋ የሚወርራችሁ ለዚህ ነው። ብዙ ሰው "ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው ቁንጫ የሚገባው" ይላል። የለም፤ እዚያው ነበረች። በሩን ስትከፍቱ ቀሰቀሳችኋት እንጂ።

አንድ ነገር ከመንገዴ ወጣ ብዬ ልንገራችሁ፤ ሙያዬ ስለሆነ ነው። የድመት ቁንጫ ቁመቷ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደፊት ስትዘል ግን በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች። ጡንቻ ብቻውን ይህን ያህል በፍጥነት ሊሠራ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1967 ቤኔት-ክላርክ እና ሉሲ የተባሉ ሳይንቲስቶች እንዳሳዩት፣ ቁንጫ ሬዚሊን የሚባል ጎማ መሰል ፕሮቲን አላት። ጡንቻዋ ቀስ ብሎ ሬዚሊኑን ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ማሠሪያው ሲለቀቅ ጉልበቱ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈነዳል። የላስቲክ ወንጭፍ ማለት ነው። እጃችሁ ላስቲኩን የሚስበው ቀስ ብሎ ነው፤ ድንጋዩ ግን ከእጃችሁ ፍጥነት በላይ ይወረወራል። በእጅ ልትይዟት ስትሞክሩ የምታመልጣችሁ እናንተ ቀርፋፋ ስለሆናችሁ አይደለም።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። እቅዱ ቀላል ነበር፤ ከባዱ አለማቋረጡ ነው። ቡቺ የሚተኛበትን አሮጌ ማዳበሪያ አቃጠልነው፤ በምትኩ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ሊታጠብ የሚችል ጨርቅ ሰጠነው። ምንጣፎች ወጥተው ፀሐይ ላይ ተራገፉ። ሶፋ ሥርና በረንዳው በየሁለት ቀኑ ይጠረጋል፤ ጥራጊው ግቢ ውስጥ አይጣልም፣ ይቃጠላል ወይም የሳሙና ውኃ ውስጥ ይገባል። መጥረግ እንቁላሉን ያወጣል፤ የመጥረጊያው ንዝረት ደግሞ የተሸሸጉትን ያስወጣቸዋል፤ ሲወጡ መድኃኒት የተቀባ እንስሳ ላይ ይወጡና ይሞታሉ። አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ እርጥበቱ ከ50 በመቶ ሲወርድ፣ እጮቹ ደርቀው ያልቃሉ። በክረምት ግን ይህ ዕድል የለም፤ እኛ ደግሞ የጀመርነው በክረምት ነው!

በየእሑዱ ሁለቱንም እያበጠርኩ የወጣውን ቁንጫ ቆጥሬ በሩ ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። ሁለት ሳምንት ወረደ። በሦስተኛው ግን እንደገና ወጣ፤ እማማም "ያንተ ሳይንስ ከላምባው በምን ተሻለ?" አሉኝ። ልክ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ማቆም ይቀለኝ ነበር። ግን የወጡት አዲስ የተወለዱ ሳይሆኑ ከሳምንታት በፊት ፑፓ ሆነው የተደበቁት ናቸው። ቧንቧው ተዘግቶም ቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ መፍሰሱ አይቀርም። ጠረጋውም መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ፤ በሰባተኛው እሑድ ማበጠሪያው ባዶውን ወጣ። ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው በሦስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል።

መዥገር ሌላ ታሪክ ነው። አይዘልም፣ አይበርርም። ነፍሳትም አይደለም፤ የሸረሪት ዘመድ ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ስድስት እግር አለው፤ ቀጥሎ ስምንት ይሆናል። የውሻ ቡናማ መዥገር የሚባለው በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ደም ይጠጣል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ከጠገበ በኋላ ከውሻው ወርዶ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የጭቃ ቤት ግድግዳ፣ የአጥር ድንጋይ፣ የውሻው ቤት ጣውላ፤ ለመዥገር ሁሉም ሆቴል ነው። ግድግዳ ላይ ሽቅብ ሲወጣ ካያችሁ እንግዳ አይሁንባችሁ። ሴቷ በመጨረሻ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ስንጥቁ ውስጥ ጥላ ትሞታለች። ስለዚህ ስንጥቅን በሲሚንቶ መድፈን የመዥገር መከላከያ ነው፤ ማንም ግን እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም።

መዥገር ደም ከመምጠጡ በላይ የሚያስፈራው የሚያስተላልፈው በሽታ ነው። ስሚዝ እና ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1893 የከብት ትኩሳት በመዥገር እንደሚተላለፍ አሳይተዋል፤ ይህ ለዘርፉ ትልቅ በር ከፋች ነበር። በውሻ ላይ ደግሞ የውሻ ቡናማ መዥገር ኤርሊኪያ የሚባል ባክቴሪያ ያስተላልፋል። ውሻው ይተኩሰዋል፣ ምግብ ይተዋል፣ ይከሳል፤ ድዱ ይገረጣል፣ አንዳንዴም ያነስረዋል። እንዲህ ሲሆን "ብርድ መቶት ነው" ብላችሁ አትጠብቁ፤ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

መዥገር ስታገኙ እንዴት ትነቅሉታላችሁ? በላምባ፣ በክብሪት፣ በጨው አይደለም። መዥገሩ አፉ ላይ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች አሉት፤ ብዙዎቹ በዚያ ላይ ሲሚንቶ መሰል ፈሳሽ አፍስሰው ይደርቁበታል። ስታቃጥሉት ወይም ላምባ ስታፈሱበት ምራቁን ከነበሽታው ወደ ቁስሉ ሊያስመልስ ይችላል። ወረንጦ አምጡ። ሆዱን ሳይሆን ከቆዳው ጋር የተያያዘውን ጫፍ ያዙ፤ ሳትጠመዝዙ፣ ሳትቸኩሉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። በጥፍራችሁ አታፍርጡት፤ የሕክምና አልኮል ውስጥ ክተቱት። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። ጆሮ ውስጥ፣ ብብት ሥርና በጣቶቹ መካከል መፈለግ አትርሱ።

አሁን ጥፋቴ። ቡቺን ለማከም ከአንድ ሱቅ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ የውሻ መድኃኒት ገዛሁ። ብልቃጡ ላይ የውሻ ሥዕል አለ። ለቡቺ አደረግኩለት፤ ትንሽ ተረፈ። "ለሚጡ ይሆናል፣ ትንሽ ስለሆነች ትንሽ ይበቃታል" ብዬ የተረፈውን አንገቷ ላይ አንጠባጠብኩላት። ማታ ላይ ጆሮዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ ቆዳዋ፣ ቀጥሎ መላ ሰውነቷ። ምራቋ ይዝረከረካል፤ በሩ ሲንኳኳ ሁሉ ትዘላለች። የጎረቤቴ ልጅ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፣ "ሚጡ ልትሞት ነው?" ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

መድኃኒቱ ፐርሜትሪን ነበር። ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ። ፐርሜትሪን በሩ እንዳይዘጋ ይይዘዋል፤ ነዳጁ ተረግጦ እንደቀረ መኪና አስቡት። ቁንጫና መዥገር በዚህ ይሞታሉ። ውሻ ጉበቱ መርዙን ፈጥኖ ይበትነዋል። የድመት ጉበት ግን እንዲህ ያሉ ነገሮችን አሥሮ ለማስወገድ የሚረዳው የኬሚካል ሥራ ላይ ደካማ ነው፤ መርዙ እዚያው ይቆያል። (ፓራሲታሞልም ድመትን የሚገድለው በተመሳሳይ ድክመት ነው፤ አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ሊበቃ ይችላል። "አሞኛታል" ብላችሁ እንዳትሰጡ።) ስለዚህ የእኔ "ትንሽ ይበቃታል" ስሌት ከሥሩ ስህተት ነበር። ጉዳዩ የመጠን ብቻ ሳይሆን የዝርያ ነው። መድኃኒቱ ገና ያልደረቀበት ውሻ ላይ ተጠግታ የምትተኛ ድመት እንኳ ልትመረዝ ትችላለች።

ሐኪሙ በስልክ እንደነገረኝ በለብ ያለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጠብናት፣ አድርቀን በፎጣ ጠቀለልናት፣ ወዲያው ወደ ክሊኒክ ወሰድናት። ሁለት ቀን ተንቀጥቅጣ ተረፈች። የማይተርፉ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሁለቱንም መዝኖ ለውሻው የውሻውን፣ ለድመቷ የድመቷን ሰጠን፤ ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ ሰባት ሳምንት የተቆጠረው በእነዚህ ነው።

ሱቅ ላይ ሌሎችም አሉ። ዲያዚኖን ለከብት፣ ማላታዮን ለእህል ተባይ ይሸጣሉ፤ ሰው ውሻ ላይም ቤት ውስጥም ሲረጫቸው አይቻለሁ። ሁለቱም የሚያጠቁት ነርቭ መልእክቱን ሲጨርስ ምልክቱን የሚያጠፋውን ኢንዛይም ነው፤ ያ ኢንዛይም እናንተም ውስጥ አለ። የረጨው ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ዓይኑ ካለቀሰ፣ ትንፋሽ ካጠረው ሆስፒታል ነው መሄድ ያለበት። አይቨርሜክቲን ደግሞ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ካምቤል እና ኦሙራ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ግኝቶች ጋር የተያያዘ ነው። ግን ለከብት የሚሸጠው 1 በመቶ መርፌ የተሠራው 1 ሚሊ ሊትሩ 50 ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ እንዲበቃ ነው። 4 ኪሎ ለሆነ ቡችላ በዚያው ስሌት 0.08 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል፤ ከአንድ ሁለት ጠብታ አይበልጥም። በግምት ከተወጋ ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው አስቡት። ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ የመጡት የሚዋጡ ክኒኖች፣ እነ ፍሉራላነር፣ የተባዩን የነርቭ ፍሬን ይበጥሳሉ፤ አንዱ ክኒን እስከ 12 ሳምንት ይሠራል። ዋጋቸው ይከብዳል፤ የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻም ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጡም።

የሆድ ትል ደግሞ ከዚህ ሁሉ አይነጠልም። ውሻችሁ ጅራት ሥር የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የእኛው ኮሶ አይደለም፤ ቁንጫ በመዋጥ የሚመጣ ሌላ ትል ነው። ቁንጫው ካልጠፋ የትል መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ነው። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ቤት ውስጥ በግ ሲታረድ፣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ለውሻ ይወረወራል። ያ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባል ትል ሕፃናት የሞሉበት ሊሆን ይችላል። ውሻው አንጀት ውስጥ ገብተው በስድስት፣ በሰባት ሳምንት ያድጋሉ፤ ያደገው ትል ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አታዩትም፣ ውሻውም አይታመምም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ ሲበላ፣ ከረጢቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ማደግ ይጀምራል። ለዓመታት ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ውሻውን ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ያጸዳዋል፤ ጥሬውን መወርወር ካልቆመ ግን በሚቀጥለው በዓል እንደገና ይያዛል።

ዘንድሮ ለፋሲካ ግቢያችን የታረደው በግ ሳንባው ላይ ሁለት ከረጢት ነበረው። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት እማማ ራሳቸው ናቸው። ቡቺ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ አድርገን ቀበርነውና ድንጋይ ጫንበት። እሱ እስኪመሽ ድረስ ድንጋዩን ሲያሸት ዋለ፤ በኋላ ከድስት የወጣ ቅቅል ሲሰጠው ተወው።